ለመሆኑ ፖሊሱ የማነው?

አንዲት የማውቃቸው እናት ልጃቸው ማታ ከቤት ተወሰደባቸው። በማግስቱ ምሳ ዕቃ ይዘው ሲንከራተቱ አገኘኋቸውና አብሬያቸው ዞርኩ። አንደኛው ጣቢያ «እኛ ጋ የለም» አለን። ሁለተኛው «የያዘው ሌላ ክፍል ነው» አለን። የትኛው ክፍል? ተረኛው ትከሻውን ሰበቅ አደረገና «አብሽሩ እማማ፣ ይገኛል» ብሎ ሸኘን። እናቲቱ ወደኔ ዞረው «ልጄ፣ የወሰዱት የመንግሥት ልብስ የለበሱ ናቸው፤ የማን እንደሆኑ እኔ በምን ልለይ?» አሉኝ። እኔስ በምን ልለይ? የጣቢያዎቹንም የከተማውንም ስም የማልጽፈው ፈርቼ ብቻ አይደለም። ነገሩ የአንድ ጣቢያ ጉዳይ ስላልሆነ ነው።

በወረቀት ላይ ያለውማ ያማረ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጥቷል። በዚሁ መሠረት ደሴም ኮምቦልቻም የየራሳቸው የከተማ ፖሊስ አላቸው። ከላይ ባሕር ዳር የተቀመጠው የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን አለ፤ ከጎን የከተማው አስተዳደር፣ ከታች ደግሞ ጣቢያዎቹና የየቀበሌው የማኅበረሰብ ፖሊስ። ኮሚሽኑ በሙያው ያዝዛል፣ ከንቲባው በበኩሉ ይጠራል። መሀል ላይ የቆመው ኢንስፔክተር የቱን ይስማ? በዚህ ላይ ፌዴራል ፖሊስ፣ መከላከያ፣ አድማ ብተና፣ ሚሊሻ ሲጨመር ሁሉም ተጠቅልሎ «የጸጥታ አካል» ተባለ። ይህች ቃል ሁልጊዜ ትገርመኛለች። አካል ይሉታል፣ ፊት ግን የለውም።

ፖሊስ አያስፈልግም የሚል የዋህ በኛ አገር አይገኝም። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከወደቁ ጀምሮ ኅዳር 27 ቀን እንደገና መያዛቸው እስከተነገረበት ጊዜ ድረስ፣ ሕግ አስከባሪ የሌለበት ከተማ ምን እንደሚመስል አይተናል። የደሴ ሆስፒታል እንኳ ከዘረፋ አልዳነም። ዛሬም ሐረጎ ላይ መኪና ሲገለበጥ የሚጠራው ያው ትራፊክ ፖሊሱ ነው። ኮምቦልቻ ከማታ ፈረቃ ወጥታ በጨለማ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄደዋ የፋብሪካ ሠራተኛም ፖሊስ ትፈልጋለች። ኮንስታብሉ ራሱ እኮ እንደኛው ቤት ኪራይ ከፋይ ነው! ጸቤ ከሱ ጋር አይደለም።

ጸቤ ከልማዱ ጋር ነው። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ ይግቡ ተባለ። ሐምሌ 28 ቀን በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ደግሞ አራት ወር ተጨመረበት። አዋጁ እያለ «ኮማንድ ፖስት ነው» ሲባል ጠያቂው አፉን ይዞ ይመለስ ነበር። እሺ፣ አዋጁ አበቃ። ታዲያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደገለጸው በመስከረም 2017 በክልሉ ሰው በጅምላ ሲታፈስ ምን ሊባል ነው? ከታሳሪዎቹ መካከል ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ነበሩበት። ዳኛው ከታሰረ ታሳሪው ማን ፊት ይቀርባል?

አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይህች 48 ሰዓት የኢሕአዴግ ስጦታም አይደለችም፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በጃንሆይ ዘመን ተጽፋለች። በንጉሡ ጊዜ የተጻፈች ሰዓት ዛሬ ለምን ትከብዳለች?

የምጠይቀው በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። ሰው የሚይዝ ሁሉ ስሙና መለያ ቁጥሩ ደረቱ ላይ ይነበብ። በየጣቢያው በር ማን እንደገባ፣ ማን እንደያዘው፣ መቼ ችሎት እንደሚቀርብ የሚነገርበት መዝገብ ይኑር። ሌላ ክፍል ያመጣው ሰውም ቢሆን ሳይመዘገብ ደጁን አይለፍ። ከንቲባውና የፖሊስ አዛዡ ደግሞ የታሳሪ ቤተሰብ ሲጠይቅ ማንኛቸው እንደሚመልሱ ይንገሩን።

እናቲቱ በሦስተኛውም ቀን ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወጥተዋል።