የማይለኮስ ምድጃ አትግዙ

በአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሚነገሩ የማሻሻጫ ቃላት ሁሉ «አንድም ቀን አልተለኮሰም» እንደሚለው የሚያበሽቀኝ የለም። ሻጩ በኩራት ይናገረዋል፤ ገዢውም ሰምቶ ዋጋ ይጨምራል። ዕቃው እኮ ምድጃ ነው! ስልሳና ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ስኒ ውኃ አፍልቶ የማያውቅ፣ ከነሳጥኑ ያረጀ ምድጃ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያበስል ከኖረው ይልቅ ይከበራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ልዩነቱ በተረታችን ባለላሙ ይሳቅበታል፤ የዛሬው ሰብሳቢ ግን ላሚቱን መስታወት ባለው ቁም ሳጥን አቁሞ እንግዳ ያስጎበኛታል።

ይህን ለፈረንጆቹ ሰብሳቢዎች ብዬ አልጽፈውም፤ እነሱ በገንዘባቸው የፈለጉትን ያድርጉ። የምጽፈው ለእኛው ነው። በሽታው ወደ እኛም ሳሎን ገብቷል። ረከቦቱ አጠገብ፣ ከጀበናው ከፍ ብሎ፣ ከገበያ የተገዛ ፋኖስ ተሰቅሎ አያለሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው በውስጡ አምፖል አለ፤ ሽቦው በተሰረሰረው ሆዱ ወጥቶ ከግድግዳው ሶኬት ይገባል። ባለቤቱን ስጠይቀው ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አያቱ ቤት፣ በኩራዝ ብርሃን ስላጠናው ትምህርት ያወራኛል። ፋኖሱ ግን የማንም አያት ቤት አልነበረም፤ የሆነ ጀርመናዊ ገበሬ ጋጣ ውስጥ የነበረ ነው። ይሁን፣ የት ነበር ብዬ አልጣላም። የምጣላው ስለተሰረሰረው ሆድ ነው።

የምኖረው የነዚህ ምድጃዎች የትውልድ አገር ውስጥ ነው። ስዊድኖች የአሮጌ ዕቃ ገበያቸውን «ሎፒስ» ይሉታል፤ ቃሉ ከቁንጫ የመጣ ነው፤ እኛ «ሳልባጅ» ብለን ያፈርንበትን ዓይነት ነገር እነሱ በቁንጫ ሰይመው በኩራት ይውሉበታል። ስቶክሆልም መሀል ያለው የሆቶርየት አደባባይ በአዘቦት ቀን አበባና አትክልት ይሸጥበታል፤ እሁድ እሁድ ግን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሆናል። ከተሰነጠቀ ሸክላና ከአሮጌ ማንኪያ መካከል ሦስት እግር ያለው፣ ሆዱ እንደ ድንች የተድቦለቦለ የነሐስ ምድጃ ካያችሁ ፕሪሙስ ነው፤ ወይም ከዘመዶቹ አንዱ፣ ኦፕቲሙስ ወይም ራዲዩስ። ሁሉም የስዊድን ናቸው።

ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድቅቪስት የሚባል የፋብሪካ መካኒክ ጥላሸት የማያወጣ የላምባ ምድጃ ይዞ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው፤ ዓድዋ 4 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የላምባ ምድጃ ማለት ፈትል ያለው፣ የሚጨስ፣ ድስት የሚያጠቁር ነገር ነበር። ሊንድቅቪስት ፈትሉን አስወገደው። በምድጃው ራስ ሥር ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ስፒርት ፈስሶ ይለኮሳል፤ ራሱ እስኪግል ይጠበቃል። ከዚያ የአየር መልቀቂያዋ ቡሎን ትጠብቅና ፓምፑ ይገፋል። በቋቱ ውስጥ የታመቀው አየር ላምባውን በቱቦው ሽቅብ ይነዳዋል፤ ላምባው በጋለው ራስ ውስጥ ሲያልፍ ተን ይሆናል፣ በመርፌ ቀዳዳ መሳይ አፍንጫ ተተፍቶ ከአየር ጋር ይቀላቀልና ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል። ችኩል ሰው ራሱ ሳይግል ከነፋው ምድጃው ቢጫ ነበልባል ሽቅብ ይተፋበታል። ለማጥፋት ቡሎኗን ማላላት ይበቃል፤ አየሩ እፍ ብሎ ይወጣል፣ እሳቱም ይሞታል።

ይህ ዕቃ የሳሎን ጌጥ ሊሆን አልተፈጠረም። አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ፕሪሙስ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ሂላሪና ቴንዚንግ ኤቨረስት ላይ በረዶ አቅልጠው የጠጡት በፕሪሙስ ነው። ከነሱም ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ስሙ ያልተጻፈው ተራው ሰው ነው፤ በጠባብ የሠራተኛ ቤት ውስጥ እንጨት ሳትፈልጥ፣ ከሰል ሳታራግብ በደቂቃዎች ውስጥ ቡና ያፈላችው ሴት። ለእሷ ይህ ማሽን ጊዜ ነበር፤ ከጭስ መገላገል ነበር።

እንግዲህ «አልተለኮሰም» ስለሚባለው ጉዳይ። በፓምፑ ዘንግ ጫፍ ላይ ኩባያ መሳይ የቆዳ ቁራጭ አለች። መላው ምድጃ የተንጠለጠለው በዚህች ቆዳ ላይ ነው፤ ከደረቀች አየር አትገፋም፣ አየር ካልተገፋ ላምባ አይወጣም። ማታ ማታ የሚሠራበት ምድጃ ቆዳው ዘይት አይለየውም። ሳጥን ውስጥ ስልሳ ዓመት የተኛው ግን ቆዳው እንደ ቋንጣ ደርቋል፣ ጓርኒሲዮኖቹ ሲነኩ ይፈረካከሳሉ፣ ሲፈተሽ የቀረ ላምባ ካለበትም ሙጫ ሆኖ ቱቦውን ደፍኖታል። ስለዚህ እጅግ ውድ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የታመመው ነው። ጤነኛውን ርካሽ፣ በሽተኛውን ውድ ያደረገ ገበያ ምን ይባላል? እኔ ስም አጥቼለታለሁ። አንድ ሻጭ ፓምፑን ልሞክረው ብዬ እጄን ስዘረጋ «አይነካም፣ ይቧጨራል» ብሎ ከእጄ ነጥቆኛል። ምድጃ ይቧጨራል ብሎ የሚሳቀቅ ሰው፣ ድስት ሲጣድበት ቢያይ ምን ሊሆን ነው?

ስለ መሰርሰሩም ልበል። የፕሪሙስ ቋት፣ ወይም እኛ ማሾ የምንለው የበርሊኑ ፔትሮማክስ ቋት፣ ግፊት የሚችል ዕቃ ነው። በትራፓኖ አንዴ ከተበሳ አበቃ፤ ቢበየድ እንኳ ዳግመኛ ለማመን የሚደፍር ጤነኛ ሰው የለም። ለአንድ አምፖል ሲባል አንድ ማሽን ይሞታል፤ የሚሞቱት ደግሞ ተመልሰው የማይሠሩት አሮጌዎቹ ናቸው። ጌጥ ያማረው ሰው አዲስ ይግዛ! ፎየርሃንድ 276 የሚባለው የጀርመን ፋኖስ ዛሬም ይመረታል፤ እሱን ሂዶ ይሰርስረው። ገበያው ላይ ያለውን አሮጌ ማሾ ግን ለሚለኩሰው ይተውለት።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ ልመለስ። በውጭ አገር ከምንጽፋቸው ጽሑፎች ሁሉ እንደ ኩራዝ የተዋሸበት ነገር የለም። ኩራዝ በጽሑፋችን ውስጥ ሁልጊዜ ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ሁልጊዜ ተረት የምታወራ አያት፣ ሁልጊዜ ትጉህ ተማሪ አለ። ጠዋት አፍንጫ ሲጠረግ የሚወጣው ጥቁር ነገር ግን የለም። ጣሪያው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ፣ የእናት የቀላ ዓይን፣ ላምባው ያለቀ ዕለት በጨለማ የተበላው እራት፣ ኩራዝ ተደፍቶበት እግሩ የተቃጠለው የጎረቤት ልጅ፣ አንዳቸውም የሉም። ዛሬ በብዙ የገጠር ቀበሌ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ኩራዝን ከቤት እያስወጣ ነው። እሰይ! ከስቶክሆልምና ከዋሽንግተን ሆነን «የኩራዝ ዘመን ቀረ» ብለን የምናለቅሰው ለማን ነው?

የማይለኮስ ፋኖስ የዚህ ውሸት ቀኝ እጅ ነው። አይሸትም፣ አይጨስም፣ ላምባ አይጠይቅም፣ ጣት አያቃጥልም፤ ስለዚህ ስለሱ የፈለግነውን ብንል አይከራከረንም። የሚለኮሰው ግን ይከራከራል። አንድ ምሽት ብቻ ደጅ አውጥታችሁ አንዱን ለኩሱት። ፈትሉ ተጣሞ ከተቆረጠ ብርጭቆው በአንድ ወገን ወዲያው ይጠቁራል። ሽታው ከሹራባችሁ ሳይወጣ ይሰነብታል። ማሾ ከሆነም ቶሎ ቶሎ ፓምፕ ይጠይቃችኋል፣ ድምፁም ተረት አያስወራም። ያን ሽታ አሽትቶ ሲያበቃ ስለ ኩራዝ ውበት የሚጽፍ ሰው ካለ በደስታ አነበዋለሁ፤ ቢያንስ የሚያውቀውን ነው የሚጽፈው።

ሌላም የተሸፈነ ነገር አለ። አውሮፓዊው ሰብሳቢ ቆዳ ሲቀይር፣ ቱቦ ሲጠርግ፣ የደፈነች አፍንጫ በቀጭን መርፌ ሲከፍት «እድሳት» ይባልለታል፤ ፎቶ ይነሳል፣ ይመሰገናል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የተቀመጠው ሰው ይህንኑ ሲያደርግ «ጥገና» ይባላል፣ ዋጋውም ተከራክረን የምናስቀንሰው ነው። ከበርሜል ምድጃ፣ ከቲማቲም ቆርቆሮ ኩራዝ የሚያወጣው እጅ ይህን ሙያ ከማንም ካታሎግ አልተማረውም። ለምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚፈስ፣ ምን ቢጎድል በምን እንደሚተካ ያውቃል። እኛ ግን ከዚያ ዓለም መጥተን፣ ፈረንጅ «አትንካው» ሲለን እንታዘዛለን። ቆራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ እናቶቻችን አሮጌውን ምድጃ አገላብጠው «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ይሉ እንደነበር ረስተን፣ «ሳጥኑ አለው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን።

«እሳት ነው፣ አደጋ አለው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ይህን ክርክር ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ። ለላምባ የተሠራ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን የሚጨምር ሰው ቦምብ እያዘጋጀ ነው። ቤንዚን የሚፈልጉም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ስቬያ 123 የምትባለው ትንሿ የነሐስ ምድጃ ከነሱ አንዷ ናት። ስለዚህ የትኛው የትኛውን እንደሚጠጣ ሳያረጋግጡ ክብሪት አይጫርም። በተዘጋ ክፍልም ሆነ በድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስም፤ ከሰል አስገብቶ ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት ምን ሆኖ እንደሚገኝ የማያውቅ አበሻ የለም፣ ገዳዩ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የአንዳንድ አሮጌ ምድጃ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ አለበት፤ አይፋቅም፣ አቧራው አይተነፈስም። በማሾ ውስጥ የሚንጠለጠለው የጨርቅ ከረጢትም፣ ኦስትሪያዊው አወር ፎን ቬልስባህ ካሻሻለው ከ1891 ወዲህ ለረጅም ዘመን በቶሪየም ይነከር ነበር፤ ቶሪየም ጨረር አለው። በእሳት ካለፈ በኋላ አመድ መሳይ ስለሆነ ሲነኩት ይበናል፤ አሮጌው ተጥሎ ቶሪየም የሌለበት አዲስ ይተካል። ቋቱ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ እኔም ጌጥ አድርጉት እላለሁ። ይህ ሁሉ ግን መማር የሚገባውን የሚነግረን እንጂ የሚከለክለን አይደለም። የሚለኩሰው ሰው ነው ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚገደደው። በአምፖል የሚያበራው ፋኖሱ ምን ይጠጣ እንደነበር እንኳ አያውቅም፤ አንድ ቀን ልጁ ቤንዚን ቢጨምርበት የሚያስጠነቅቀው የለም።

«ቅርስ ነው፣ እንዳለ ይቆይ» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ብርቅ የሆነው፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ሙዚየም ይግባ፤ አልቃወምም። ነገር ግን ፕሪሙስ በገፍ የተመረተ የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ የብራና መጽሐፍ አይደለም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የተሠራበትን ዓመት በፊደል ምልክት ያትምበት ነበር። ምልክቱን ያነበበ ሰው ዕድሜውን ያውቃል፤ ዕድሜውን ሲያውቅ ደግሞ መቶ ዓመት ያለፈው ማሽን በአንዲት ቆዳና በሁለት ጓርኒሲዮን ተነስቶ ሻይ ሲያፈላ ያያል። ዛሬ በሱቅ ከምንገዛው ዕቃ ስንቱ አሥር ዓመት ሳይሞላው ቆሻሻ እንደሚሆን እያየን፣ ይህን ተአምር በመስታወት መዝጋት ይቆጨኛል።

ለመግዛት ለምትሄዱ፣ መጀመሪያ የምታዩት መልኩን አይሁን። ቋቱን ገልብጡት፤ ታችኛው ወገኑ እንደ ሆድ ወጥቶ ከሆነ ከልክ በላይ ተነፍቷል፣ ተዉት። አራግፉት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ዝገት ካለ ዋጋ አስቀንሱ። ቡሎኗን አጥብቃችሁ ፓምፑን ግፉ፤ ዘንጉ ያለ ምንም ተቃውሞ ከገባ ቆዳው ደርቋል፣ ይህ ደግሞ በሽታ አይደለም። የምግብ ዘይትም ቢሆን ሁለት ሦስት ጠብታ በትንሽ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቆዳዋ ትንሽ ጠጥታ ስትለሰልስ ብዙ ጊዜ እዚያው ጠረጴዛው ላይ መግፋት ትጀምራለች። ከተገፋው በኋላ ቡሎኗን ስታላሉ እፍ የሚል ትንፋሽ ከሰማችሁ ቋቱ አየር ይዟል፤ ያ የቤቱ ደህንነት ነው። ሻጩ «አይነካም» ካለ አትከራከሩት። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሥር በካርቶን ውስጥ ራሱ የጠቆረ፣ እግሩ የተጣመመ፣ ማንም ያልወለወለው አንድ ይኖራል፤ ሻጩ ተሸክሞት ከሚመለስ በርካሽ ይለቀዋል።