ብርሃኑ ዘሪሁንና የእኛ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች

በትምህርት ክፍላችን የብርሃኑ ዘሪሁን ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው አንድ ነገር ነው፤ «በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል»። ለፈተና ያህል ይህቺ ትበቃ ይሆናል። እኔ ግን «ለምን?» ብለን አልጠየቅንም ባይ ነኝ።

ብርሃኑ በ1920ዎቹ አጋማሽ ጎንደር ተወለደ። አዲስ አበባ ሄዶ የተማረው ተግባረ ዕድ ነው። እንጀራው ግን ጋዜጠኝነት ሆነ፤ የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ እስከ መሆን ደረሰ። በ1952 ዓ.ም. «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች»ን፣ በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አሳተመ። ከአብዮቱ በኋላ «ማዕበል» በሦስት ክፍል ወጣ። በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ለመድረክም ጽፏል፤ «ሞረሽ»ና «ጣጠኛው ተዋናይ» የእሱ ተውኔቶች ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቸኩሎ ነው የሚያነበው። ቲያትር ተመልካችም ያመለጠውን ቃል ወደ ኋላ ገልጦ አያይም። ለሁለቱ የሚጽፍ ሰው ነገሩን ቁርጥ አድርጎ መናገር አለበት። በእኔ አስተያየት የብርሃኑ አጭር ዓረፍተ ነገር ለአንባቢ ከማሰብ የመጣ ነው እንጂ ከቃላት ድህነት አይደለም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ያበቅላል፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ደግሞ ውኃ ይተኛበታል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የሚረሳ አይደለም። እንዲህ ባለ አገር «ከብቶቻችሁን ዛሬውኑ ወደ ከፍታው አውጡ» የምትል አንዲት መስመር ነፍስ ታድናለች። በየግድግዳው የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ግን አይታችሁታል? «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ» ብሎ ይጀምርና ማሰሪያው ግሥ እስኪመጣ ክረምቱ ያልፋል። ይህን የሚጽፈው ማነው? እንደ እኛው ኮሌጅ የበጠሰ ሰው ነው።

«በአጭሩ ከተጻፈ ጥልቀት የለውም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እንዴ! «ማዕበል» እኮ የወሎን ረሃብ የሚያህል ከባድ ነገር ተሸክሟል።

ስለዚህ መምህሮቻችን ከገጽ ብዛት ይልቅ ለግልጽነት ነጥብ ይስጡልን። እኛም ጽሑፋችንን ከማስረከባችን በፊት ለአንድ ገበሬ ዘመዳችን እናንብብለት። ካልገባው ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቁጭ ብለን እንደገና እንጻፈው።