የተተመነው ዋጋ በማደያው ይገኝ

ኢትዮጵያ ነዳጅ የምትገዛው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይገባል፤ የመሸጫ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻዎችን ለይቶ የሚደግፍ የታለመ ድጎማ ሥራ ላይ ውሎ፣ አጠቃላዩ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ የማደያ ዋጋ ጨምሯል።

ሸክሙን ሕዝቡ ተቀብሏል። የሚገባውን አቅርቦት ግን አላገኘም። በብዙ ከተሞች ማደያው «ቤንዚን የለም» እያለ፣ በዚያው ሰፈር በጀሪካን እጅግ በናረ ዋጋ ይቸበቸባል። ገበሬው የውኃ መሳቢያ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚህ ዋጋ እየገዛ ነው። ልዩነቱም የሚገባው ወደ ሕገ ወጥ ነጋዴ ኪስ እንጂ ወደ መንግሥት ካዝና አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ቁጥጥሩን አጥብቋል። የሕጉ ጥንካሬ የሚለካው ግን በማደያው ደጃፍ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲፈጸሙ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በአንድ ሊትር ዋጋ ውስጥ የግዢ፣ የማጓጓዣ፣ የታክስና የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ በእያንዳንዱ የዋጋ ማስተካከያ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ በየማደያው የተራገፈው መጠን በዲጂታል ክፍያ ከተሸጠው ጋር ይመሳከር፤ ለጎደለውም ተጠያቂ ይኑር። ሦስተኛ፣ ለየከተማው የተመደበው ኮታ ነዋሪው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ።

ታክስ መክፈል የዜጋ ግዴታ ነው። በተተመነው ዋጋ ነዳጅ ማግኘትም መብቱ ነው። ዋጋ የመወሰን ሥልጣን የያዘው መንግሥት፣ ነዳጁ በዚያው ዋጋ መሸጡን የማረጋገጥ ኃላፊነትም አለበት።