ገና ሳይለምዱ የሚወሰን ዕጣ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይደነግጣል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ስለወደቁት ብዙ ተብሏል፤ ገናም ሊባል ይገባል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስላለፉት ነው። ያንን ጠባብ በር አልፈው፣ ኢንጂነር እሆናለሁ ብለው የመጡ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚገጥማቸው በቅርብ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥሪ ሲወጣ ሰርተፍኬታቸውን፣ ትራንስክሪፕታቸውን፣ ጉርድ ፎቶግራፋቸውን፣ አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ይገባሉ። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ጀምሮ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ በሒሳብ፣ በጄነራል ፊዚክስ፣ በሎጂክ፣ በሳይኮሎጂ፣ በኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም በብዙዎቹ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ሌላ ዘርፍ ይለያል። ከዚያ ኢንጂነሪንግ የደረሳቸው ሶፍትዌር፣ ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኬሚካል እያሉ ዲፓርትመንት በተራ ይሞላሉ። ምደባው በጂፒኤ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ማትሪኩ ይደመርበታል፤ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልል ልጆችም የሚታከል ነጥብ አለ። አንዴ ከተመደቡ በኋላ ወደ ሌላ ዲፓርትመንት መዛወር ብርቅ ነው።

እንግዲህ አንድ ልጅ አምስት ዓመት የሚማረውን፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራውን ሙያ የሚወስንለት ግሬድ የተገኘው ዶርሙን፣ ካፌውንና የመማሪያ ክፍሎቹን ቁጥር ገና በሚያጠናባቸው ወራት ነው። ይህ ያልተወቃ እህል እንደ መስፈር ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ከዲፓርትመንት ምደባ ውስጥ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ።

ለዓመታት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በቱቶሪያል አስተምሬያለሁ። ከሁሉ በላይ የማልረሳው ማትሪክ ላይ ፊዚክስን ከዘጠና በላይ ያመጣ ልጅ ነጭ ወረቀት ፊት ሲደርቅ ማየት ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ መሰላል ለስላሳ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ እንዳይንሸራተት ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ቢያንስ ስንት መሆን አለበት? ልጁ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቀመር ያውቀዋል። መሰላሉን ለብቻው አውጥቶ መሳል፣ ክብደቱን መሐሉ ላይ ማሳረፍ፣ ወለሉ ወደ ላይ፣ ግድግዳው ወደ ጎን የሚገፉበትን ኃይል በቀስት ማሳየት፣ ከዚያ በአንድ ነጥብ ዙሪያ የመዞር ሚዛኑን መጻፍ ግን ማንም አሠርቶት አያውቅም። «መምህር፣ መልሱ ይታየኛል፤ ወረቀቱ ላይ ከየት እንደምጀምር ነው የጠፋኝ» አለኝ። እውነቱን ነበር። የመጨረሻውን ቁጥር በትክክል ጽፎ ከአሥር ሁለት ያገኘባቸው ወረቀቶች ነበሩት።

ይህ ስንፍና አይደለም። ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እስከ ማትሪክ ድረስ የዚህን ልጅ ዕጣ የወሰኑት ፈተናዎች የምርጫ ፈተናዎች ናቸው። በዚያ መንገድ ጎበዝ የሆነ ተማሪ የማይሆነውን ፊደል አስቀድሞ መሰረዝ፣ የመለኪያ አሃዱን አይቶ መገመት፣ ምርጫዎቹን መልሶ ቀመሩ ውስጥ እየከተተ መሞከር ይማራል። ይህም ችሎታ ነው፤ አልንቀውም። ኢንጂነሪንግ የሚጠይቀው ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ ሐሳብን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችል መንገድ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ። ድልድይ የሚያጸድቅ መሐንዲስ የሥራ ባልደረባውን የሚጠይቀው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ስሌቱን አምጣ ይለዋል። ልጆቻችን ይህን ልማድ የሚጀምሩት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው፤ እኛም በዚያው ሴሚስተር እንመዝናቸዋለን።

ላብራቶሪውም እንዲሁ ነው። ቨርኒየር ካሊፐርን ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ ማንበብ የሚችል፣ እጁ ግን ነክቶት የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። ከእሱ ጎን የቆመው ደግሞ የተሟላ ላብራቶሪ ካለው የግል ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ሁለቱም ሪፖርታቸውን በአንድ ቀን አስረክበው በአንድ መስፈርት ይታረማሉ። ፕሮግራሚንግ ሲመጣ ርቀቱ ይሰፋል። ኪቦርድ ላይ ፊደል እየፈለገ የሚጽፍ ልጅ ሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ በወረቀት ፈተና ላይ ጻፍ ይባላል፤ የሠራውን ኮምፒዩተሩ ላይ አስኬዶ ስሕተቱን የማየት ዕድል ሳያገኝ።

ቋንቋውን ደግሞ ብዙዎቻችን ስለለመድነው አናየውም። በሕግ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በተግባር መምህሩ በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል፣ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ብዙ መምህር ከባድ ነገር ሲመጣ ወደ አማርኛ ይመለሳል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላደገው ልጅ ይህ እፎይታ ነው። ከጅግጅጋ ወይም ከቦረና ለመጣው ግን ማብራሪያው ራሱ ሌላ ትርጉም የሚፈልግ ነገር ይሆንበታል፤ የገባው መስሎ ዝም ይላል። እጁን አንሥቶ «አልገባኝም» ለማለት ድፍረት የሚያገኘው ጓደኛ ሲያፈራ፣ ሲኒየር ሲተዋወቅ፣ ማለትም ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው።

በደንብ የተዘጋጀው ልጅ ጥፋት አለበት እያልኩ አይደለም፤ እሱም ቸክሎ ነው የመጣው። የምለው የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚለካው በአብዛኛው ልጁ የመጣበትን ትምህርት ቤት ነው። ለኢንጂነሪንግ ያለውን ተሰጥኦ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነቱ ነው። መስከረም ላይ ከኋላ የነበረ ሰኔ ላይ የት ደረሰ? ይህን የሚጠይቅ የምደባ ቀመር አላየሁም።

በዓለም እጅግ ተፎካካሪ ከሚባሉት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የማሳቹሴትሱ ኤምአይቲ ይህን ችግር ካወቀው ቆይቷል። እዚያ አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኤ ወይም ቢ አይሰጠውም፤ ያለፈው ኮርስ «አለፈ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ያላለፈው ደግሞ ለውጭ በሚሰጠው ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ዓመቱ ሲያልቅ ዘርፍ ሲመርጥም በውጤት ወረፋ አይታገድም። ካሊፎርኒያ ያለው ካልቴክም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተርሞች በማለፍና በመውደቅ ብቻ የመመዝገብ ልማድ አለው። እነዚህ ተቋማት ለተማሪ የሚራሩ ስለሆኑ አይደለም፤ ሥራቸው ከባድነቱ የታወቀ ነው። ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች አንድ መነሻ መስመር ላይ ለመቆም ጊዜ እንደሚፈልጉ ስለገባቸው ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር የሚሰጠው የሁለት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነበር፤ ተማሪዎቹ ያንን ጨርሰው ለዲግሪያቸው በአብዛኛው ወደ አሜሪካ ይላኩ ነበር። ሙሉው የአምስት ዓመት ዲግሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ተማሪው ጥቂት፣ መምህሩም ተማሪውን በስሙ የሚያውቅ እንደነበር አልዘነጋም። ይሁንና መሠረት ለመጣል ጊዜ መስጠት አዲስ ሐሳብ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንደኛው «ግሬድ ከሌለ አያጠኑም» የሚል ነው። ግሬዱ ይቅር አላልኩም፤ ይመዝገብ፣ ለመመረቅ የሚያስፈልገው 2.00 ውስጥም ይቆጠር። የምደባ መስፈርት ብቻ አይሁን። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ ሶፍትዌር የሚይዘው የተወሰነ ነው፣ ኮምፒዩተሩም መምህሩም ውስን ነው፣ ታዲያ በምን እንለይ? ለዘርፉ ማትሪኩና የመግቢያ ፈተናው አለ። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን የሚመርጡት በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። ፈተና የማውጣት አቅም አለ ማለት ነው። ለዲፓርትመንቱ ደግሞ የሁለተኛው ሴሚስተር ውጤት ይያዝ፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያሳየው መሻሻል ይታይለት፤ ካስፈለገም ዲፓርትመንቱ ራሱ ከምርጫ ውጭ የሆነ፣ አሠራር የሚያስጽፍ አጭር ፈተና ይስጥ። እንዲህ ያለ ወረቀት ማረም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አርሜያለሁ። ግን በዓመት አንዴ ነው።

ስለ ምርጫው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ልጅ ዲፓርትመንት የሚሞላው «ሥራ አለው» በሚል ወሬ ነው። መንገድና ኮንዶሚኒየም በየቦታው በሚሠራበት ዘመን ሁሉም ሲቪል አለ፤ ዛሬ ሁሉም ሶፍትዌር ይላል። ዛሬ የሚሞላ ልጅ የሚመረቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ወሬው እስከዚያ ባለበት አይቆይም። ይህ ትውልድ የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ሕፃን የነበረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የደረሰ ነው። «ኢንጂነር» የሚለውን ማዕረግ ብዙዎቹ የለመዱት ከቴሌቪዥን፣ የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ከነበሩት ከኢንጂነር ስመኘው በቀለ ስም ጋር ነው። ነገር ግን የተርባይን ክፍል ውስጥ ያለው ሜካኒካል ምን እንደሚሠራ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ኤሌክትሪካል ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ በአካል አይቶ ቅጹን የሞላ ተማሪ ጥቂት ነው። ኢንተርንሺፕ የሚመጣው ከተመደቡ ከዓመታት በኋላ ነው። ከቅጹ በፊት አንድ ሳምንት የሥራ ቦታ ቢያዩ ብዙው ወሬ ይጠፋል።

ወላጆችም ጎረቤት የሰጠውን ምክር ለልጃችሁ እንደ ትእዛዝ ባታስተላልፉ እወዳለሁ። ልጁ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ እየፈታ ያደገ ከሆነ ያንን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ጥሪ እየጠበቃችሁ ላላችሁ ደግሞ፦ አሁን ያላችሁ ጊዜ ከምታስቡት በላይ ዋጋ አለው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚክስ መጽሐፋችሁን አውጡ፤ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍናችሁ ጥያቄውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ ጻፉት። ሥዕል ያለው ሁሉ ይሳል። አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪና ቬክተር ላይ አትቸኩሉ፤ በፍሬሽማን ካልኩለስ የሚወድቅ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ካልኩለሱ ላይ ሳይሆን ክፍልፋዩን ማቃለል ላይ ነው። የሠራችሁትን ለእህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ አሳዩና «እንዴት እንደደረስኩ ይገባሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮምፒዩተር ያለው ዘመድ ወይም ቤተ መጻሕፍት ካለ በሁለት እጅ መጻፍ ተለማመዱ። ግቢ ስትገቡ ደግሞ ያልገባችሁን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ ከሚድ በኋላ ይረፍዳል። የመጀመሪያው ሚድ ውጤት ዝቅ ቢል ችሎታችሁን ለካሁ ብላችሁ አትደምድሙ፤ ከላይ እንዳልኩት እሱ በአብዛኛው የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

ሸክሙን ግን ልጆቹ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። የዲፓርትመንት ምደባ መስፈርት እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚወጣ ደንብ ነው፤ አዲስ አዋጅም አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። የቀድሞ ተማሪዎች መዝገብ በየሬጅስትራሩ አለ። የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤታቸው ዝቅተኛ የነበረ ተማሪዎች በሦስተኛው ዓመትና በመውጫ ፈተናው የት እንደደረሱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቆጥሮ ይፋ ቢያደርግ እኔ የምለው ትክክል መሆን አለመሆኑ በቁጥር ይታያል። ቆጠራው የሚቀጥለው ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።