አሥር ሳንቲም ከፍሎ ጉድ ለማየት

ስለ አሜሪካ ዘዋሪ ትርኢቶች በተወራ ቁጥር ርግማኑ ሁሉ በባለ ድንኳኑ ላይ ይወርዳል። ይገባዋል፤ አንከራከርም። እኛ ግን ዛሬ ልንጠይቅ የምንፈልገው ሌላውን ሰው ነው፤ በሩ ላይ ተሰልፎ ቲኬት የቆረጠውን።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ የመጣው የችግር ዘመን ነው። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኞች ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። የሰርከሱ ባቡር ከተማ ሲደርስ ከትልቁ ድንኳን አጠገብ ትንሽ ድንኳን ይተከላል። ለፋፊው ይጮኻል፤ በአንድ ቲኬት አሥር ዐይነት ጉድ! ከገቡም በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ለማየት ሌላ ሳንቲም ይጠየቃል። ኪሱ የሳሳ ሰው ለምን ይከፍላል? እንደ መሰለን፣ ከእሱ የባሰ መኖሩን በዐይኑ ሊያረጋግጥ ነው። ርካሽ መጽናኛ!

በ1930 የሪንግሊንግ ሰርከስ ከንፈራቸው በሰሃን የተለጠጠ አፍሪካውያን ሴቶችን «የኡባንጊ አረመኔዎች» ብሎ አሳየ። ሴቶቹ ዛሬ ቻድ ከምንላት አገር የመጡ የሳራ ሰዎች ነበሩ። ኡባንጊ ወንዝ ነው፤ ያውም የእነሱ ወንዝ አይደለም። የሰርከሱ የማስታወቂያ ሰው ሮላንድ በትለር ስሙን ከካርታ ላይ የመረጠው ለጆሮ እንግዳ ስለ ሆነለት ነው። ተመልካቹ ግን የከፈለው ለማየት እንጂ ለማወቅ አልነበረም። ሴቶቹ የገዛ ምስላቸው ያለበትን ፖስት ካርድ ይሸጡለታል፤ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን እያነበብን በፈረንጅ መሳቅ ቀላል ነው። እኛስ? ወደ ኦሞ ወርደን የሙርሲ ሴት የከንፈሯን ሸክላ አድርጋ እንድትቆምልን በየፎቶግራፉ ሒሳብ የምንከፍለው እኛስ? በርግጥ ልዩነት አለ። ሙርሲዋ በአገሯ ናት፤ ዋጋውንም ራሷ ትጠራለች፣ ትከራከራለችም። ጌጡንም አንዳንዴ የምታበዛው ለካሜራው ስትል ነው፤ ምን እንደምንፈልግ ዐውቃብናለች። ጎብኚው ታዲያ «ገንዘብ ለመዱ» ብሎ ያማርራል። ማን አስለመዳቸው?

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ከዚያ ተመልሶ ሃያ ፎቶግራፍ አሳየን። የአንዷንም ስም አያውቅም ነበር። እኛም ሃያውን አይተን እስክንጨርስ አልጠየቅነውም።