የፕሮስቴት ባዮፕሲ አደጋ ከመድኃኒት ቤት ይጀምራል

«ካንሰር በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል» የሚለው ሥጋት አባቶቻችንን ከፕሮስቴት ባዮፕሲ ሲያሸሽ እንሰማለን። በእኛ አመለካከት ፍርሃቱ አቅጣጫውን ስቷል። መርፌ ካንሰርን መዝራቱ እጅግ አልፎ አልፎ የተመዘገበ ክስተት ሲሆን፣ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው መርፌው በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ባክቴሪያ ነው።

ፕሮስቴት ከፊኛ በታች፣ ከደንዳኔ መጨረሻ ፊት ለፊት የሚገኝ ዕጢ ነው። በተለመደው ዘዴ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ በደንዳኔው ግድግዳ በኩል ብዙውን ጊዜ 12 ናሙናዎችን ይወስዳል። እያንዳንዱ ናሙና 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረትና 17 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። (የ12ቱ ይዘት ተደምሮ 40 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከሚሆን ዕጢ ከ250 አንድ እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ «ካንሰር አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።) ከዚያ በኋላ በሽንት፣ በሰገራና በዘር ፈሳሽ ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ሽንት አልወርድ የሚላቸው ጥቂቶችም አሉ።

ኢንፌክሽን ግን እስከ ደም መመረዝ ሊያደርስ ይችላል። መርፌው ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም ሊያሻግር ስለሚችል ታካሚው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ ለብዙ ዓመታት የተመረጠውም ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር። በካናዳ፣ ኦንታሪዮ በተደረገ ጥናት ከባዮፕሲ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ሆስፒታል የገቡት በ1996 እ.ኤ.አ. ከመቶ 1 የነበሩ ሲሆን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ 4.1 አድገዋል። አብዛኞቹን ያስተኛቸው ኢንፌክሽን ሲሆን፣ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ መስፋፋቱ በዋነኛ ምክንያትነት ይጠረጠራል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ አያት መድኃኒት ቤት የሌለበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ቢከለከልም፣ ሆዱን የቆረጠው ተማሪ ጥቂት ፍሬ ሲፕሮ ገዝቶ ሲሻለው ይተወዋል። ከመድኃኒቱ ያመለጠው ባክቴሪያ በእጅ፣ በውኃና በምግብ ወደ ቤተሰቡ ይሻገራል፤ አባት ለባዮፕሲ በተኛ ዕለትም ሲፕሮው አቅም ያጣል።

በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ናሙና መውሰድ የደም መመረዝን ሥጋት ይቀንሳል፤ አስቀድሞ ኤምአርአይ መነሳትም አንዳንዱን ታካሚ ከመርፌው ሊያድነው ይችላል። ሁለቱም ግን መሣሪያ፣ ሥልጠናና ገንዘብ ይጠይቃሉ።

እስከዚያው፣ ባዮፕሲ የታዘዘለት አባት ባለፉት 6 ወራት ሲፕሮ ወስዶ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ከምርመራው በኋላ ብርድ ብርድ ካለው ወይም ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ እንጂ ሌላ ሲፕሮ ተገዝቶለት እስኪነጋ አይጠብቅ።