«መቼ ነው የሚፈታልኝ?»



የዚህን እትም ዋና ርዕስ የሰጠችን የ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ጥርሷ ላይ ብሬስ የሚባለው የማስተካከያ ሽቦ ሲታሰርላት «ዓመት ከመንፈቅ» ተብላ ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት አለፋት። ከክሊኒክ በተመለሰች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መቼ ነው የሚፈታልኝ?»

ቁርጥ ያለ መልስ ያላገኘችው ሐኪሟ ስለደበቃት አይደለም። ሽቦው ጥርስን ሲገፋ በአንድ ወገን ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በሌላው ወገን አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርስ በዚህ መንገድ በወር የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ፍጥነቱም ከሰው ሰው ይለያያል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው። የቀረ ቀጠሮ ወይም በቆሎ ሲጋጥ የተላቀቀ ብራኬት (ሽቦውን ከጥርስ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ወራት ይጨምራል። ሽቦው ከተፈታ በኋላም ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው ስለሚያደላ፣ ሪቴይነር የሚባለውን ማቆያ ማድረግ ግድ ነው። በእኔ እምነት ታካሚን ይበልጥ የሚያሳዝነው መዘግየቱ ሳይሆን ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ማጣቱ ነው።

ውጤቱስ? ፍንጭት ውበት በሆነበት አገር የሁሉም ጥርስ አንድ ዓይነት መምሰል አለበት ብዬ አላምንም። ምን እንደሚፈልጉ ለሐኪም በግልጽ መናገር ግን ተገቢ ነው።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር፣ ሕክምናው በተጀመረበት ቀን የተነሳችውን ፎቶ አይታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። እናንተም በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ የራሳችሁን የመጀመሪያ ቀን ፎቶ አሳዩን በሉ፤ ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደቀረም ጠይቁ።